ጥቁር ወርቅ ያነደደችው ጌክ ሊያን

ጌክ ሊያን ኑድል የምትጠብስበት እጅና በሽተኛ የምታጥብበት እጅ አንድ ነው። ሌላ እጅ የላትም። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ጻፊ ያለችኝ እህት ሮስናህ ናት፣ የማስታመሚያ ቤታችን ዋና ነርስ። በየዓመቱ በምናወጣው ትንሽ መጽሔት ላይ ስለ አንድ በጎ ፈቃደኛ ይጻፋል። እኔ አንሶላ አጣቢ ነኝ። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ነው የተውኩት፤ ሰው ፊት መናገር ይቅርና ስሜ ሲጠራ እንኳ ላብ ያጠምቀኛል። «ሌላ ሰው ይጻፈው» አልኳት። «ኮጊላ፣ ሌላው ሰው ያሳምረዋል። አንቺ እንዳየሽው ጻፊው» አለችኝ። እሺ አልኩ። እንግዲህ ካላማረ እሷን ውቀሱ።

ጌክ ሊያን ስልሳን ካለፈች ቆየች፤ ሰፈሩ ሁሉ አክስቴ ነው የሚላት። አጭር ናት፤ ክንዷ ግን የጫኝና አውራጅ ክንድ ነው። የምትሠራው እዚሁ ጆርጅ ታውን፣ በርሜል ሠሪዎች መንገድ ጥግ ላይ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ግድግዳ ሥር ነው። ጋሪ አላት። ጋሪው ላይ የከሰል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ የአባቷ ጎድጓዳ የብረት ምጣድ። በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ወደ ጋዝ ሲዞሩ እሷ እምቢ አለች። «ጋዝ ያበስላል እንጂ መዓዛ አይሰጥም» ትላለች። ኑድሉን፣ ሽሪምፑን፣ እንቁላሉን፣ የባቄላ ቡቃያውን አንድ ላይ ስትገለብጠው እሳቱ ከምጣዱ ጠርዝ ዘልሎ ቅንድቧን ይልሳል። ስለዚህ ቅንድብ የላትም ማለት ይቻላል። በእርሳስ ትስለዋለች። አንዳንድ ቀን አንዱ ከፍ ብሎ ይሳልና ቀኑን ሙሉ የተገረመች ትመስላለች።

ወደ ቤታችን የመጣችው እህቷ ከሞተች በኋላ ነው። እህቷ ያረፈችው እኛ ጋ ነበር። ሐዘኑ ካለፈ ወዲያ አንድ ጠዋት ድስት ይዛ መጣች። ድስቱ የእኛ ነው፤ ሾርባ ተልኮበት እሷ ቤት ቀርቶ ነበር። አስቀምጣ ልትሄድ ስትል አንድ ሽማግሌ አልጋው ላይ ተበላሽቶበት፣ አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አየችው። እህት ሮስናህ ሌላ በሽተኛ ይዛለች፤ እኔ ጓሮ አንሶላ እየጨመቅኩ ነው። ጌክ ሊያን እጅጌዋን ሰበሰበች። ሽማግሌው ሲሸማቀቅባት «ምን ያሽኮረምምሃል?» አለችው። «ዕድሜ ልኬን የዓሣ ሆድ ስቀድ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንተ ከዓሣ አትብስም።» ሰውየው ሳቀ። ሲስቅ የሰማነው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ቀርታ አታውቅም። ታጥባለች፣ ጥፍር ትቆርጣለች፣ ትጨቃጨቃለች።

በጎ ፈቃደኛ ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ይመጣል፣ በሩ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ ሩዝ አስቀምጦ ይሄዳል። ሩዙን እንበላለን፤ ይስጠው። አንዳንዱ ደግሞ በእግሩ ጣት እየተራመደ፣ በሹክሹክታ እያወራ፣ የለቅሶ ፊት ይዞ ይገባል። ጌክ ሊያን ይህን አትወድም። አዲስ ሴት ስትመጣ በር ላይ ትይዛታለች።

«ስሚ እህቴ። ይህን ፊትሽን ከጫማሽ ጋር ውጪ ትተሽው ግቢ። እነሱ መሞታቸውን ያውቃሉ። አንቺ ልትነግሪያቸው አልመጣሽም።»

አንዳንዷ በዚህ ተቀይማ ትመለሳለች። እህት ሮስናህ «አክስቴ፣ ስንት ለምኜ ያመጣኋትን ሴት አባረርሽብኝ» ትላታለች። «የሸሸችው ከእኔ አይደለም፤ ሰበብ ስትፈልግ አግኝታኝ ነው» ትላለች እሷ።

ሰፈሩ ግን ይህን ሥራዋን አልወደደውም። ከጋሪዋ ፊት ለፊት ዓሣ የምትሸጥ ሳው ኢም የምትባል ሴት አለች። ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው፤ የሚጠላሉትም ለዚህ ይመስለኛል። ሳው ኢም ዓሣ እየቀረፈች፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስላ፣ ግን እንዲሰማ አድርጋ፣ «ያ እጅ ነው እኮ ጠዋት ሬሳ ሲያገላብጥ የዋለው፤ ማታ ደግሞ ኑድላችሁን ያገላብጣል» ትላለች። ሰው ይሰማል። ሰው ሲሰማ ደግሞ ይፈራል። ወረፋ ይይዝ የነበረው ሁሉ እየሳሳ ሄደ። ከሩቅ ሰላም ብሎ ወደ ጋዙ ጠባሽ የሚያልፍ በዛ።

የሳው ኢም ልጅ ስታገባ መንገዱ ሁሉ ተጠራ። ጌክ ሊያን አልተጠራችም። ሠርግ ላይ የሞት ጥላ ይዛ እንዳትገባ ነው። እሷ ምን አደረገች? ከአዳራሹ ፊት ለፊት ጋሪዋን አቆመች፤ እሳት የመሰለ ቀይ ቀሚስ ለበሰች፤ ቀኑን ሙሉ ጠበሰች። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ «አምሮብሻል ልጄ! እነሱ ፎቶ ሲያስነሡሽ ውለው መብላትሽን ከረሱ ወደ እኔ ነይ፤ በባዶ ሆድ እንዳታገቢ!» ብላ ጮኸች። ሙሽራዋ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። የሳው ኢም ፊት እንደ ሠርጉ ቀይ ጨርቅ ቀላ።

ማግስቱን አንሶላ ስናሰጣ «አክስቴ፣ አይከፋሽም?» አልኳት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄ አላውቅም፤ እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ።

«ይከፋኛል እንጂ» አለች። «ታዲያ ከፍቶኝ ቤቴ ልቀመጥላቸው ነው?»

ነገሩ የከረረው ባለፈው ዓመት ነው፣ በሌሊት ነርሷ የተነሣ። የሌሊት ነርሷን ደመወዝ የሚከፍልልን አንድ የጎማ ነጋዴ ነበር። ሱቁን ሲዘጋ የእኛም ነገር አብሮ ተዘጋ። ነርስ ከሌለ ቤታችን በሽተኛ ማሳደር አይችልም። ሲመሽ ቤት ያለው ወደ ቤቱ፣ ቤት የሌለው ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄዱ ነው።

ቤት የሌለው ቦን ሴንግ ነበር። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሚስትም ልጅም የለውም። ሕመሙ ጉሮሮው ላይ ስለሆነ ድምፁ እንደ ተቀደደ ከበሮ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ወሬ ይወዳል። ጌክ ሊያን ጀርባውን ስታሸው «ቀስ በይ፣ ይህ የሰው ጀርባ ነው፣ ምጣድ አይደለም» ይላታል። «ምጣድ ቢሆን ኖሮ ይጸዳ ነበር» ትለዋለች።

ወደ ሆስፒታል ልትሄድ ትችላለህ ሲባል ግን ቀልዱን ተወ። «እዚያ ክፉ ሰው የለም» አለ። «ግን ማን መሆኔን ማን ያውቃል? እዚህ ጌክ ሊያን ትሰድበኛለች። ስትሰድበኝ በስሜ ነው።»

ጌክ ሊያን ይህን ስትሰማ ፎጣውን ጨመቀችው፤ ውሃ አልቆበትም ጨመቀችው። «የትም አትሄድም» አለችው።

በቻይናውያኑ የጨረቃ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር የሙታን ደጅ ይከፈታል፤ ነፍሶቻቸው ወደ ሰው መካከል ይወጣሉ ይባላል። የመንገዳችን ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ፤ ኦፔራ ይታያል፣ እራት ይበላል፣ ጨረታ ይጮኻል። የጨረታው ገንዘብ እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚሄደው ለትምህርት ቤቱ ነበር። እህት ሮስናህ «አንድ ዓመት ለእኛ ይሁን» ብላ የኮሚቴውን ሊቀመንበር ቴንግ ሆክን ለመነችው። ቴንግ ሆክ የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አምላክ ይወስን» አለ።

አምላክ የሚጠየቀው ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት እንጨቶችን መሠዊያው ፊት መሬት ላይ በመጣል ነው። አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ከወደቀ «እሺ» ማለት ነው። ቴንግ ሆክ ጣለ። እሺ። «አንዴ ማንንም ሊያጋጥም ይችላል» አለና ደግሞ ጣለ። እሺ። ጆሮውን አሸ። እንደገና ጣለ። እሺ።

ጌክ ሊያን ከኋላው ቆማ ነበር። «ድገመው እንጂ ቴንግ ሆክ» አለችው። «ምናልባት አምላክ አሁንም እየቀለደብህ ይሆናል።»

እምቢ ሊል አልቻለም። በማግስቱ ግን ወደ ጋሪዋ መጣ። እኔ የቤታችንን ምሳ ልወስድ ቆሜ ነበር።

«አክስቴ፣ ለአንቺው ብዬ ነው የምናገረው።»

«ለአንቺ ብዬ ነው ያለኝ ሰው መልካም ነገር ነግሮኝ አያውቅም። ተናገር።»

«በበዓሉ እራት ዘንድሮ አትጥበሺ። ስንት ዓመት ጠብሰሻል፤ ማንም አይረሳውም። ግን ዘንድሮ ገንዘቡም ለዚያ ቤት፣ ምግቡም በዚያ እጅ ከሆነ ሰው ከሁለት በኩል ይፈራል። አንድም ሰው አይመጣም። ወይ ማጠቡን ተዪ፣ ወይ ምጣዱን።»

«እጄን ቆርጬ ልስጥህ?»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ—»

«የትኛውን? ግራውን ነው ቀኙን?»

ቴንግ ሆክ ሄልሜቱን እንኳ ሳያስር ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ እህት ሮስናህ መጥታ ለመነቻት። በቁጣ አይደለም፤ አጠገቧ ተቀምጣ ሽሪምፕ እየላጠችላት ነው። «ለቦን ሴንግ ብለሽ ነው፣ አክስቴ። አንድ ቀን ብቻ።»

ጌክ ሊያን የሽንኩርት ቅጠሉን ትከትፋለች። ብዙ ከተፈች፤ የሚበላው ሰው ወረፋ የያዘ ያህል ከተፈች። በኋላ ቢላውን አስቀመጠች።

«ጥሩ። ለቴንግ ሆክ እንዲህ ብለሽ ንገሪው። በበዓሉ ላይ የራሴን ከሰል አንዲት ፍሬ አላቀጣጥልም። ጋሪዬ ግን ቦታዋ ላይ ትቆማለች። ቦታው የአባቴ ነው።»

በዓሉ ደረሰ። ከጣሪያ የሚበልጥ የወረቀት የሙታን ንጉሥ ዓይኑን አፍጥጦ ተተክሏል። ከኦፔራው መድረክ ፊት ያለው የመጀመሪያ ረድፍ ወንበር ባዶ ነው፤ ሁሌም ባዶ ነው። የሙታኑ ቦታ ነው። በዚያ ወር ስማቸው አይጠራም፤ «ጥሩዎቹ ወንድሞች» ነው የሚባሉት። የጌክ ሊያን ጋሪ ጥጉ ላይ ቆማለች፤ ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፣ ሽሪምፑና ኑድሉ ግን በበረዶ ተሸፍኖ ሥር ተቀምጧል። «ይህን ለምን አመጣሽው?» አልኳት። «ለልማድ» አለች።

እሷ ቀዩን ቀሚስ ለብሳ ቦን ሴንግን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ገባች። ሰው እግሩን ሰበሰበ። ገፋችው፣ ገፋችውና የፊተኛው ረድፍ ዳር ላይ አቆመችው።

ቴንግ ሆክ እየሮጠ መጣ። «አጎቴ፣ ይቅርታ፣ ይህ ቦታ የወንድሞች ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ቦን ሴንግ በዚያ በተቀደደ ድምፁ። «እኔም መንገድ ላይ ነኝ። ቀደም ብዬ ቦታ ብይዝ ምን አለበት?»

ከአንዱ ጠረጴዛ ሳቅ አመለጠ፤ ወዲያው ታፈነ። ቴንግ ሆክ ወደ መድረኩ ተመለሰ።

ጨረታው ተጀመረ። አጫራቹ ካ ዊ የሚባል ስልክ ሻጭ ነው፤ ያለ ድምፅ ማጉያም ቢሆን ሰፈር ይሰማዋል። የሩዝ እንስራው፣ የወይን ጠጁ፣ መብራቱ እንደ ነገሩ ተሸጡ። ሰው እጁን የሚያወጣው ጎረቤቱ እንዳያየው ይመስል ነበር። ከዚያ ጥቁር ወርቁ መጣ።

ጥቁር ወርቅ ሌላ አይደለም፣ ከሰል ነው። በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ቅርጫት ከሰል። ያሸነፈ ሰው ቤቱ ወስዶ መሠዊያው ላይ ያስቀምጠዋል። ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ይሞቃል፣ ንግዱ ይነዳል ይባላል። የሚከፈለው በሚቀጥለው ዓመት ነው፣ ዕድሉ ሠርቶ ከታየ በኋላ። በሌላው ዓመት ለዚህ ቅርጫት ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ይጮኽ ነበር። ጌክ ሊያን ሁሌ ትስቅባቸዋለች። «እኔ ዕድል በየጠዋቱ በጆንያ ነው የምገዛው» ትላለች።

ያን ቀን ግን ካ ዊ ጠራ፣ መልስ የለም። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ጠራ፣ መልስ የለም። ደግሞ ዝቅ አደረገ። ሰው ሁሉ ሾርባው ውስጥ ዝንብ የሚፈልግ መሰለ። «የሞት ቤት ከሰል ቤቴ አይገባም» የሚል ሹክሹክታ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር እኔ ድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆሜ ሰማሁት። እህት ሮስናህ አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ታሻሻለች። ቦን ሴንግ ባዶዎቹን ወንበሮች ያያል። ገንዘቡ እስኪገባ ኮሚቴው ያበድረናል፤ ጥቁር ወርቁ ካልተሸጠ ግን የሌሊት ነርሷ የለችም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«አምስት መቶ!»

ጌክ ሊያን ናት። ሰው ሳቀ። ቅርጫቱ በአምስት መቶ ብቻ፣ እንዲህ ረክሶ፣ ተሸጦ አያውቅም።

ሳው ኢም ከጠረጴዛዋ «የሞት ቤት ከሰል ለሞት ቤት ሴት! እንኳን ተገናኙ!» አለች።

«አምስት መቶ አንድ በይና ውሰጂዋ! አፍሽ ይህን ያህል ከሰፋ ኪስሽንም አስፊው!»

ሳው ኢም ወደ ሾርባዋ አቀረቀረች። ካ ዊ ቴንግ ሆክን አየ፤ ቴንግ ሆክ ጫማውን አየ። ጠራ፣ ጠራ፣ ከበሮው ተመታ። ቅርጫቱ የጌክ ሊያን ሆነ።

ሰው ሁሉ ወደ ቤቷ የምትወስደው መስሎት ነበር። እሷ ተሸክማ ወደ ጋሪዋ ሄደች። ቀዩን ወረቀት ቀደደችው። ወረቀት ሲቀደድ እንዲያ እንደሚጮኽ አላውቅም ነበር። ከሰሉን ምድጃው ውስጥ ገለበጠች፣ ለኮሰች፣ ማራገቢያዋን አነሣች።

«አክስቴ!» ቴንግ ሆክ ወንበር ገልብጦ ሮጠ። «ምን ማድረግሽ ነው! የሰፈሩን ዕድል አቃጠልሽው!»

«ከሰል ሌላ ምን ይደረጋል? ይታቀፋል?»

«ከሰሌን አላቀጣጥልም ብለሽ ቃል ገብተሻል! እህት ሮስናህ ነግራኛለች!»

«ገብቻለሁ። የራሴን ነው ያልኩት። ካ ዊ! አንተ አጫራቹ! ጥቁር ወርቅ መቼ ነው የሚከፈለው?»

ካ ዊ ደንግጦ ድምፅ ማጉያውን ከአፉ ማራቅ ረሳ። «በሚቀጥለው ዓመት፣ አክስቴ» አለ፤ መንገዱ በሙሉ ሰማው።

«እስኪከፈል የማን ነው?»

ካ ዊ ሊቀመንበሩን አየ፤ ሕዝቡን አየ። ከአያቱ ጀምሮ አጫራች ናቸው፤ ሕጉን ሊዋሽ አልሆነለትም። «የሰፈሩ ነው» አለ።

«ሰማህ ቴንግ ሆክ? የራሴን አንዲት ፍሬ አልነካሁም። ያቀጣጠልኩት የሰፈሩን ነው፤ ሰፈሩ ይብላ።» ከዚያ ወደ ጠረጴዛዎቹ ዞረች። «ስሙኝ! ይህን ዕድል ቤታችሁ ማስገባት ፈርታችኋል። ጥሩ። ማንም አያስገባውም፤ እዚሁ በልታችሁት ትሄዳላችሁ። ዋጋ አልጠራም፤ ልባችሁ የፈቀደውን የሮስናህ መዋጮ ሣጥን ውስጥ ጨምሩ። የማይፈልግ ይተወው። እኔ እጄን ታጥቤ ነው የመጣሁት። እናንተ መታጠባችሁን አላውቅም!»

እህት ሮስናህ ከዚያ ምጣድ አትበላም፤ የአሳማ ስብ ስላለበት ሃይማኖቷ አይፈቅድላትም። ሣጥኑን ግን አንሥታ አጠገቧ ቆመች።

ምጣዱ ጮኸ። እሳቱ ዘለለ። ያ መዓዛ ድንኳኑን ሞላው። የመጀመሪያው ሰሃን ወጥቶ ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልተነሣም። እንፋሎቱ እየቀነሰ ሄደ። ሄጄ ላንሣው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ሁሉ ያየኛል ብዬ ግን ቀረሁ።

«ቴንግ ሆክ!»

የሊቀመንበሩ እናት ናቸው። ዘጠናን ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ጥርስ የሌላቸው፣ ድምፃቸው ግን ያልረገፈ።

«አቤት እማ።»

«ያን ሰሃን አምጣልኝ።»

«እማ፣ ያ እጅ እኮ...»

«ያ እጅ ነገ እኔን ያጥበኛል! አንተ ታጥበኛለህ? ጥፍሬን ቆርጠህልኝ ታውቃለህ? ሂድ! ሞት ላይቀር በባዶ ሆዴ አታስቀምጠኝ። ሽሪምፕ የበዛበትን አምጣ!»

ቴንግ ሆክ ሄደ። ሰሃኑን በሁለት እጁ፣ እንደ መሥዋዕት ይዞ ተመለሰ። እማማ አንድ ጉርሻ አደረጉ። ሰው ሁሉ ድዳቸው ሲያላምጥ ያያል። ዋጡ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

«ያረጀው ምላስዎት ነው እማማ!» ብላ ጮኸች ጌክ ሊያን።

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የፈነዳው። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ፤ ከዚያ ሁለት ልጃገረዶች፤ ከዚያ ወረፋው ድንኳኑን አልፎ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። እኔ ሰሃን አመላለስኩ። ሰው እያየኝ ነበር፤ ላብም አጠመቀኝ፤ ግን ከእሳቱ ይሁን ከእፍረቱ አልለየሁትም። ሳው ኢም እስከ መጨረሻው አልበላችም። ባሏ ግን ከአንድ የበረዶ መኪና ኋላ ተደብቆ በላ፤ ከንፈሩ ላይ ያለው ዘይት አሳበቀበት።

ጌክ ሊያን ትንሽ ሰሃን ቦን ሴንግ ጉልበት ላይ አስቀመጠችለት። መዋጥ አይችልም። «እስኪበቃህ አሽትተው» አለችው። እሱ ጣቱን የሰሃኑ ዘይት ውስጥ ነክሮ ላሰ።

«እማማ እውነታቸውን ነው» አለ። «ጨው አንሶታል።»

«ሁላችሁም ሙቱ!» አለች። ቦን ሴንግ ሳቁ ሳል እስኪሆንበት ሳቀ።

ሣጥኑ ውስጥ የገባው ከሌላው ዓመት ጨረታ ያንሳል። የሌሊት ነርሷን ግን ለዓመት ያቆያታል። ቦን ሴንግ የዝናቡ ወራት ሲጀምሩ በራሱ አልጋ ላይ፣ መብራቱ በርቶ፣ ነርሷ እጁን ይዛው ሞተ። ጌክ ሊያን ጠዋት መጥታ አጠበችው። ስታጥበው ሰደበችው፤ በስሙ።

ነገሩ በዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። ከበዓሉ በኋላ ግን ፀጉር አስተካካዩ ጋሪዋ ጋ ቆሞ ራሱን ያካል። «አክስቴ፣ ከዚያ ከሰል አመዱ ተርፏል? ለመሠዊያዬ ነበር። ትንሽ ብቻ።» ሌላ ሰውም መጣ። ከሰሉን የፈሩት ሁሉ አመዱን ፈለጉት። በሌላ ጊዜ ሰው «እጄ አመድ አፋሽ ነው» ብሎ ያማርራል፤ እነሱ ግን አመድ ልመና ወጡ። ጌክ ሊያን አመዱን በብስኩት ቆርቆሮ አፍሳ አስቀምጣ ነበር።

«አንድ ማንኪያ አመድ በሁለት ጠዋት ሥራ» አለቻቸው። «እዚያ ቤት። ማጠብ የሚፈራ ወለል ይወልውል።»

«ይህ እኮ በጎ ፈቃድ አይባልም፣ አክስቴ» አለቻት እህት ሮስናህ።

«በጎው በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ እግራቸው ይግባ።»

ከመጡት ውስጥ አመዳቸውን ይዘው ሁለተኛ ያልታዩ አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ግን እስከ ዛሬ ዓርብ ዓርብ እየመጣ የበሽተኞቹን ጢም ይላጫል። አመዱን መደርደሪያችን ላይ እንደረሳው ነው።

መጨረሻ የመጣው ቴንግ ሆክ ነው። አንድ ዓርብ፣ ሄልሜቱን እንዳደረገ፣ በጓሮ በር በኩል ገባ። ጌክ ሊያን ባልዲ እየሞላች ነበር፤ እኔ አንሶላ እያጠፍኩ።

«ሄልሜቱን አውልቅ፤ አውቄሃለሁ» አለችው።

አላወለቀም። «እናቴ ናት የላከችኝ።»

«እሳቸው ከሆኑ ራሳቸው ይምጡ፤ ወንበር አላጣላቸውም።»

ግድግዳውን አየ፤ እኔን አየ፤ እኔ አንሶላዬን አየሁ። «ሱቁ ቀዝቅዟል» አለ በመጨረሻ። «አመዱ... አላለቀም?»

«ለሚሠራ አያልቅም።»

«ሁለት ጠዋት ነው አሉ?»

«ለሌላው ሁለት። ለሚቀጥለው በዓል ከአባቴ ቦታ ሊያስነሣኝ ኮሚቴ ለሰበሰበ ሰው አራት።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሳው ኢም። ጠላት ሁሉን ይነግራል።»

ቴንግ ሆክ ተነፈሰ። «እኔ እኮ በሽተኛ ነክቼ አላውቅም፣ አክስቴ።»

«እናትህን ነክተህ ታውቃለህ? ዛሬ ማታ ጥፍራቸውን ቁረጥ። ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ና፤ መወልወያው ከበሩ ጀርባ ነው። ጋሪዬም በበዓሉ ቦታዋ ላይ ናት፤ ይህን አብረህ ወልውለው።»

ባልዲዋን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

ማክሰኞ መጣ። ሄልሜቱን ሳያወልቅ ወለወለ።